የሐይቅ «ሐ» እና የውጫሌ «ይቻላቸዋል»

ከደሴ ተነሥታችሁ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ የትውልድ ከተማዬን ታገኛላችሁ። ስሟን በየትኛው ፊደል እንደምትጽፉት ግን ከወዲሁ ብትመካከሩ ይሻላል። ባለፈው ክረምት ከሚኒባስ ወርጄ ወደ እናቴ ቤት በእግሬ ሳዘግም፣ ሥራ ፈት ነኝና፣ በየበሩ የተሰቀለውን ማስታወቂያ እየቆጠርኩ ሄድኩ። መድኃኒት ቤቱ «ሀይቅ» ይላል። ምግብ ቤቱ «ሃይቅ» ይላል። የደብተርና የእስክርቢቶ ሱቁ፣ ምናልባት ባለቤቱ ቄስ ትምህርት ቤት የገባ ይሆናል፣ «ሐይቅ» ብሏል። አንድ ጎማ ጠጋኝ ደግሞ ባረጀ ጎማ ላይ በነጭ ቀለም «ኃይቅ» ብሎ ጽፎ መንገድ ዳር ገትሮታል። እኔ በበኩሌ ከሁሉም የጎማ ጠጋኙን ወደድኩት፤ ኃይል ጨምሮበታል። ጎማው ተንፍሶበት፣ ፊደሉ ስላልጣመው ብቻ ሐይቅን አልፎ ውርጌሳ ድረስ የተንፏቀቀ ሾፌር ግን መኖሩን አልሰማሁም።

በዚያው ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ተገኝቼ ነበር። ስማቸውን የማላነሣው አንድ ተናጋሪ መድረክ ላይ ወጥተው አማርኛ መሞቱን አረዱን። ገዳዮቹም ሃሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ፣ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ፣ ጸሎቱን ጸ ከፀሐዩ ፀ ለይተው የማይጽፉት ናቸው አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። አልዋሽም፣ እኔም አጨብጭቤአለሁ። ቤቴ ገብቼ ስተኛ ግን እጄ አፈረብኝ። ምክንያቱን ልናገርና ፍረዱኝ።

አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ስሙ «ኃይል» ከሚለው ቃል የሚወለድ ስም ነው፤ ዳዊት የደገመ ሰው ስለነበረም ዕድሜ ልኩን በብዙኃኑ «ኃ» ሲፈርም ኖረ። ሲሞት ጡረታው ለእናቴ እንዲተላለፍ አመለከትን። የቅጥር ደብዳቤው ስሙን በ«ኃ» ይዟል። ኮምፒዩተር ከገባ በኋላ የተሠራው መዝገብ ግን፣ መዝጋቢው ለጣቱ የቀረበችውን ቁልፍ ነክቶ ኖሮ፣ በ«ሀ» ነው የያዘው። የቢሮዋ ልጅ፣ ትሑት ልጅ ናት፣ በ«ኃ» ብትፈልገው ማሽኑ «የለም» አላት። በደብዳቤው ላይ ያለው ሟችና በመዝገቡ ላይ ያለው ሟች አንድ ሰው መሆናቸው ይረጋገጥ ተባለ። እናቴ 7 ወር ተመላለሰች። በተመላለሰች ቁጥር የሚሰጣት መልስ «ጉዳይዎ እየታየ ነው» የሚል ነበር። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን በቁጥር እንየው። ዛሬ በአማርኛ «ሀ» የሚል ድምፅ የሚሰጡ 6 ፊደላት አሉን፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። «አ» የሚሉ 4 አሉን፦ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ። «ፀ» እና «ጸ» 2 ናቸው። እንግዲህ ዓለም ፀሐይ የምትባል አንዲት ምስኪን ሴት ስሟ በ48 ዓይነት መንገድ ሊጻፍ ይችላል ማለት ነው። 48ቱንም እኛ በአንድ ድምፅ እናነባቸዋለን፤ ኮምፒዩተሩ ግን 48 ሴቶች ናቸው ይላል። (አራሚው ከላይ የደረደርኳቸውን ፊደላት እንዳያስተካክልብኝ አደራ። ባለፈው ጽሑፌ ሁሉንም አንድ አድርጎብኝ ሐሳቤ እንደ እብድ ንግግር ሆኖ ነበር።)

ይህን የሰማ ተሐድሶ ወዳድ ወዲያው ብድግ ብሎ «ታዲያ ትርፎቹን እንጣላቸዋ!» ይላል። ቆይ ወንድሜ፣ ላንተም አለኝ፤ መጀመሪያ ግን ከአዛውንቱ ጋር ልጨርስ።

ፊደል ጠባቂዎቻችን ሁልጊዜ የሚያነሷቸው ምሳሌዎች የታወቁ ናቸው። «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን ሌብነት ነው። «ሠዓለ» ሥዕል ሣለ ነው፤ «ሰአለ» ለመነ ነው። «ዓመት» የ12 ወሩ ነው፤ «አመት» ገረድ ናት። «መሐረ» ይቅር አለ ነው፤ «መሀረ» አስተማረ ነው። እውነት ነው፤ አንዱም ሐሰት የለበትም። ችግሩ ግን አብዛኞቹ የግእዝ ምሳሌዎች መሆናቸው ነው። ገረዱን «አመት» ብሎ የሚጠራ አማርኛ ተናጋሪ ማን ነው? ፀሐይ «ሠረቀች» ስንል ፖሊስ የሚጠራስ አለ? ግእዝን የሚያነብ ሰው ልዩነቱን ይማር፤ መማርም አለበት፤ እኔም ልጆቼ ቢማሩት ደስ ይለኛል። ግን ግእዝን አለማወቅ አንድ ነገር ነው፤ አማርኛን መግደል ሌላ ነገር ነው።

ደግሞስ ሊቃውንቱ ራሳቸው መቼ ተስማሙ? አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የሚያህል የሰዋስው ሊቅ ይህች አገር ብዙ አላፈራችም። መዝገበ ቃላታቸው፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ድካም በ1948 ዓ.ም. ታተመ። እሳቸው ከፊደሉ ቅደም ተከተል ጀምሮ ነው የተሟገቱት፤ መጽሐፋቸውን በ«ሀለሐመ» ሳይሆን በ«አበገደ» ነው የደረደሩት። ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. የራሳቸውን ትልቅ መዝገበ ቃላት ሲያወጡ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» አሉት። ልብ በሉ፣ «ዐዲስ» በዐይኑ ዐ ነው፤ ከግእዙ «ሐዲስ» የመጣ ነውና። በዚህ ሕግ ከሄድን የዋና ከተማችን ስም በየማኅተሙ ላይ ስሕተት ነው፤ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው ጋዜጣችንም ከነስሙ ስሕተት ነው። ያንን ለማረም የተነሣ ግን እስካሁን አላየሁም።

የቋንቋውን ስም እንኳ ተመልከቱ። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ሰዋስዋቸውን «የአማርኛ» ብለው ሰየሙት። ከሣቴ ብርሃን ተሰማ በ1951 ዓ.ም. መዝገበ ቃላታቸውን «የዐማርኛ» አሉት። ደስታ ተክለ ወልድ «ያማርኛ» ብለው ጎረዱት። ሦስቱም ሊቃውንት ናቸው፤ ሦስቱም እያንዳንዷን ፊደል በምክንያት ነው ያስቀመጧት። እነሱ ገና በሽፋኑ ላይ ሳይስማሙ የጎማ ጠጋኙን ጎማ በምን እንፈርድበታለን? በሰዋስውም በኩል እንዲሁ ነው። የመርስዔ ኀዘን ሰዋስው የንግግር ክፍሎች 8 ናቸው ብሎ አስተማረን፤ በ1987 ዓ.ም. የታተመው የባየ ይማም ሰዋስው 5 ናቸው አለ። በመካከሉ 3 የንግግር ክፍሎች ጠፉብን ብሎ አቤት ያለ አማርኛ ተናጋሪ አልነበረም።

አሁን ወደ ተሐድሶ ወዳዱ ልዙር። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. «ፊደልን ማሻሻል» የሚል መጽሐፍ ታትሞ ነበር። ያን ጊዜ ጭንቁ የጽሕፈት መኪና ነበር፤ ከ200 በላይ የሆነው ፊደላችን በእንግሊዞች 26 ፊደል ልክ በተሠራ መኪና ላይ አልገባ አለ። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመውና ከአብዮቱ በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ድርጅትም ሞክሼ ፊደላት እንዲቀነሱ ሐሳብ አቅርቧል። ሰሚ አላገኙም። እኔ ባለመሰማታቸው አላዝንም። መኪናው ፊደሉን አልችል ስላለ ፊደሉን መቁረጥ፣ ጫማ ጠበበኝ ብሎ ጣትን እንደ መቁረጥ ነው። መኪናው አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ከነሞክሼዎቹ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ገባ፤ ዛሬ በእናቴ ስልክ ውስጥ ሁሉም አለ። «ሐ»ን እና «ዐ»ን ብንጥል ደግሞ ጎረቤታችን ትግርኛ ሁለቱን በጉሮሮው አጥርቶ እየጠራቸው እኛ ብቻ አናውቃቸውም ማለት ይሆናል። ፊደሎቹ ይኑሩ። የሚያስፈልገን ማሽኑ ስም ሲፈልግ 6ቱን «ሀ» እንደ አንድ ቆጥሮ እንዲፈልግ ማድረግ ነው። ይህን ሙያው ያላቸው ልጆች ቀላል ሥራ መሆኑን ነግረውኛል። ለቀላል ሥራ ግን አዳራሽ ሞልቶ የሚያጨበጭብ የለም።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ከአቀረብነው ከእንግሊዝኛው ብንጀምር እንጽናናለን። ሁላችንም በእንግሊዝኛ ሰዋስው ቀይ እስክርቢቶ ተገርፈን ያደግን ነንና ገራፊው ከየት እንደመጣ ማወቅ መብታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1712 ጆናታን ስዊፍት ቋንቋችን ተበላሸ፣ እንደ ፈረንሳዮቹ ያለ አካዳሚ ይቋቋምና ይጠግነው፣ ከተጠገነም በኋላ እንዳይለወጥ ይገታልን ብሎ ለመንግሥት ሰዎች ጻፈ። አካዳሚው አልተቋቋመም፤ እስከ ዛሬም የላቸውም። በ1762 ደግሞ ኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ላውዝ አንድ ትንሽ የሰዋስው መጽሐፍ አሳተመ። ስሕተት ብሎ የለቀማቸው ምሳሌዎች የገበሬና የአሳ ሻጭ ንግግር እንዳይመስሏችሁ፤ ከሼክስፒር፣ ከሚልተንና ከመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጉም ነው የለቀማቸው! ዓረፍተ ነገርን በመስተዋድድ መጨረስ ለከበረ ጽሑፍ አይስማማም ብሎ መከረ፤ ይህንኑ ሲመክር ግን ራሱ አንዱን ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ ጨረሰው። ቀልዶ ይሁን አምልጦት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ሁለት አሉታ አንድ አዎንታ ይሆናል የሚለውም ሕግ በዚያው ዘመን ነው የጸናው። ሒሳብ ለሚወድ ሰው ደስ ይላል። ቾሰርም ሼክስፒርም ግን አሉታን በአሉታ ላይ ደርበው ጽፈዋል፤ አንባቢያቸውም «አዎን» ማለታቸው ነው ብሎ አልተሳሳተም። እኛማ «አልመጣም» ስንል አሉታውን ከፊትም ከኋላም አስረን ነው የምንለው፤ «ማንም አልመጣም» ብንል ያ ጳጳስ አዳራሹ ሞልቷል ሊል ነው እንዴ? እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካኖቹ የዌብስተርን ሦስተኛ ትልቅ መዝገበ ቃላት ሲያወጡ፣ ሰው የሚናገረውን እንዳለ መዝግቧል፣ ትክክሉን ከስሕተቱ አልለየም ተብሎ የጋዜጣ ውርጅብኝ ወረደበት። ያ ሁሉ ጩኸት ካለፈ በኋላ እንግሊዝኛ አልሞተም፤ እንዲያውም የኛን ልጆች ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ወንበር ነጥቆ ተቀምጧል።

እንግዲህ ሰዋስው ዋጋ የለውም ልትል ነው ወይ? ትሉኝ ይሆናል። በፍጹም! ለሐይቅ ሰው ይህ ዓይነት ነገር አይነገርም። ከቤታችን ወደ ሰሜን ጥቂት ሄዳችሁ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ ስለተፈረመው ውል ልጅ ሆነን ስንሰማ አደግን። 20 አንቀጾች ነበሩት። አገር ያመሰው ግን 17ኛው ነው፤ እሱም ውስጥ አንድ ግስ። የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከኤሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» አለ። የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ግን በዚህ መንገድ ሊሄዱ «ተስማምተዋል» የሚል ሆነና ግዴታ አደረገው። ከዚያች ግስ ተነሥተው ኢትዮጵያ በኛ ጥበቃ ሥር ነች ብለው ለዓለም መንግሥታት አስታወቁ። አጤ ምኒልክ ነገሩን ሲደርሱበት በ1883 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኢጣልያ ንጉሥ ተቃውሟቸውን ጻፉ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ። ቀሪው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ አለቀ።

ታሪክ ጸሐፊዎችም አልተዉትም። ስዊድናዊው ስቬን ሩበንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 በዚያች አንቀጽ ላይ ብቻ አንድ ጥናት አውጥቷል፤ ኢጣልያዊው ካርሎ ጂሊዮ ተነሥቶ ተከራክሮታል። የአማርኛው ቃል ግልጽ ነበር፣ አንቶኔሊም የሚሠራውን ያውቅ ነበር በሚለው የሩበንሰን ወገን ነኝ፤ ያገሬ ውጫሌ አድልታኝ እንደሆነም ይቅር በሉኝ። ዋናው ነገር ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ አንድም ሰው «ንጉሠ» የሚለው በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ ብሎ የጠየቀ መኖሩን አላነበብኩም። የተጠየቀው ማን ምን ያድርግ፣ ግዴታ ነው ወይስ ፈቃድ የሚለው ነበር። ሰዋስው ማለት ለኔ ይህ ነው።

በዚህ ሚዛን ከመዘንነው የፊደላችን እውነተኛ ጉድለት ሌላ ቦታ ነው ያለው። ልዩነት ለሌለው ድምፅ 6 ፊደል ያለን ሕዝብ፣ ትርጉም ለሚለውጠው ለማጥበቅና ለማላላት ግን በዘወትር ጽሑፋችን አንዲት ነጥብ እንኳ አናደርግም። «ሰውየው ይበላል» ብዬ ብጽፍ ምሳውን ይብላ ወይስ ጅብ ይብላው አታውቁም። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ያልደረሰ ነገር? «ዋና» መዋኘት ነው ወይስ አለቃ? ይህ ቀልድ ነው ትሉ ይሆናል፤ እሺ፣ ቀልድ ያልሆነ ልጨምር። አንድ ደንብ «ለተጎዳው ካሣ ይሰጣል» ቢል፣ አላልታችሁ ብታነቡት የሚሰጥ ሰው አለ፤ አጥብቃችሁ ብታነቡት ሰጪው ጠፋ። ይህን ጽፎ የፈረመ ሰው ፊደሉን ሁሉ ያለ ስሕተት አስቀምጦት ይሆናል። ካሣ ፈላጊው ግን ከማን ይጠይቅ?

ወደ እናቴ ዓረፍተ ነገር የምመለሰው እዚህ ላይ ነው። «ጉዳይዎ እየታየ ነው።» ፊደሏ እንከን የለባትም፤ ሰዋስዋም ልክ ነው፤ ማንኛውም ፈታኝ ሙሉ ማርክ ይሰጣታል። ግን የሚያየው ማን ነው? 7 ወር ሙሉ የሚያየው ሰው አልተገኘም። «መመሪያ ወርዷል»፤ ከማን ወረደ? «አቅጣጫ ተቀምጧል»፤ ያስቀመጠው ማን ነው? «ከማስተካከል አኳያ ሥራዎች እየተሠሩ ይገኛሉ»፤ ሠሪው ማን፣ የተሠራውስ ምኑ ነው? ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1946 የገዛ ቋንቋውን ጸሐፊዎች በዚህ ከስሷቸዋል፤ የኛዎቹ ቢደርሱበት ኖሮ ምን ሊል እንደነበር እንጃ። አማርኛን የሚገድለው ካለ ይህ ባለቤት የሌለው ግስ ነው። ለእሱ ግን መርዶ ነጋሪ አዳራሽ ውስጥ አይነሣም፤ አንዳንዴም መርዶ ነጋሪው ራሱ በማግሥቱ ቢሮው ገብቶ «እየታየ ነው» ብሎ ይጽፋል።

የፊደል ጠባቂነት አንድ ሌላ ጠባይ አለው፤ ፊደል ጨርሶ ወደ ሰው አፍ ይሻገራል። እኔ ከሐይቅ ለትምህርት አዲስ አበባ በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ መምህራችንን፣ እንደ ሽማግሌ አክብሬ፣ «አንቱ» አልኳቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም «እዚህ እርስዎ ነው የሚባለው፤ አማርኛ ተማር» አሉኝ። በኛ አገር «አንቱ» የተባለ ሰው ትልቅ ሰው ነው፤ እናቴ የነፍስ አባቷንም፣ ሰፈራችን ያሉትን ሸህም አንቱ ነው የምትላቸው። ያን ቀን ተቀምጬ አፌን ዘጋሁ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም በዚያ ክፍል እጄን አላወጣሁም። ያን ጊዜ የማላውቀውን ዛሬ ስለማውቅ ለመምህሬ ብነግራቸው ደስ ይለኝ ነበር። የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ1698 ፍራንክፈርት ላይ የወጣው የጀርመናዊው የኢዮብ ሉዶልፍ መጽሐፍ ነው። ሉዶልፍ ደግሞ አማርኛውን የተማረው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ደቡብ ወሎ ከምንለው ምድር። ስለዚህ አማርኛ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዋስው መጽሐፍ የታተመው ከኛ ሰው አፍ ተቀድቶ ነው።

ሐይቅ ለፊደል ባዕድ አይደለችም። አባ ኢየሱስ ሞዐ ለእስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት አራቱ ወንጌል በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ነው፤ ካሉን ዘመናቸው ከታወቀ የብራና መጻሕፍት ከጥንቶቹ አንዱ። (ገዳሙ ሴት አያስገባምና እናቴ 80 ዓመት ሙሉ ከባሕሩ ማዶ ሆና ነው የምትሳለመው።) አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም፣ ያ የድርሰት ባሕር፣ ልጅ ሆኖ እዚያው ሐይቅ ሲማር ትምህርት አልገባው ብሎ እጅግ እንደተቸገረ ትውፊቱ ይተርካል። ከማዶ ካለው መስጊድ በኩል ደግሞ የወሎ ሸሆች የአማርኛ መንዙማ በዐረብ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል። አማርኛው አማርኛ ነው፤ ፊደሉ ቢለወጥም አማርኛነቱ አልጠፋም።

እናቴ ምስክር አምጪ በተባለች ጊዜ 3 ሰው ይዛ ሄደች፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። አንዱ ጎረቤታችን መሪጌታ፣ አንዱ ከአባቴ ጋር ይሠሩ የነበሩ ጡረተኛ፣ ሦስተኛው የሰፈራችን ሸህ ናቸው። መሪጌታው ስሙ «ኀየለ» ከሚለው ግስ ስለሚወጣ በብዙኃኑ ኀ ነው ብለው አስረዱ፤ የቢሮዋ ልጅ አንገቷን ነቀነቀች እንጂ አልገባትም። ሸሁ ተራቸው ሲደርስ «የኔ ልጅ፣ የትኛው ሀ ነው ያስቸገራችሁ?» አሏት። «ሁሉም አንድ ነው እኮ አባባ፣ አጻጻፉ ነው እንጂ» አለቻቸው። ሸሁ ሣቁ። «አልሐምዱ ስንል አንድ ነው፤ ሂዳያ ስንል ሌላ ነው፤ ኸይር ስንል ሌላ ነው» ብለው ሦስቱን ሀ ከጉሮሮ ሥር፣ ከደረትና ከላንቃ አውጥተው አሰሟት። የመሪጌታው ዓይን በራ። ዕድሜ ልካቸውን በዓይን ብቻ ለይተው ያስተማሯቸውን ሦስት ፊደላት በጆሯቸው ሲሰሙ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። «እስቲ ይድገሙልኝ አንቱ» አሏቸው። ሸሁ ደገሙላቸው።

ልጅቷ የሦስቱንም ቃል በኮምፒዩተር ጻፈች፤ ወረቀቱ ወጣ፤ ምስክሮቹ ፈረሙ፤ ማኅተም ተመታበት። ደስ ብሎን ወጥተን ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ መሪጌታው መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አነበቡት። በደብዳቤው «ኃ»፣ በመዝገቡ «ሀ» የነበረው የአባቴ ስም በምስክር ወረቀቱ ላይ በ«ሃ» ተጽፏል።